ስኳር እና የጥርስ ሥር ኢንፌክሽን፦ ሳያም የሚቆየውን ቁስል አግኝቶ ማሳከም

የጾም ስኳሬ ለወራት ከ120 እስከ 130 ባለው ላይ ተረጋግቶ ነበር። ከዚያ 150 ሆነ። ዋል አደር ሲል 180ን አለፈ። አመጋገቤ አልተለወጠም። መድኃኒቴን አልዘለልኩም። እንቅልፌም እንቅስቃሴዬም ያው ነው። የመድኃኒቱ መጠን ተጨመረልኝ፣ ስኳሩ ትንሽ ወረደና ተመልሶ ወጣ።

የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በሌላ በኩል ያለ ጥርሴ ተሸርፎ ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ስነሳ፣ ከዓመታት በፊት ባስሞላሁት የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጥቁር ጥላ ታየች። ያንን ጥርሴን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለበት ቤተሰብ የምትንከባከቡ ከሆነ፣ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ጥርስ አላመመም ማለት ሥሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስኳሩና ጥርሱ ደግሞ ለየብቻ አይታከሙም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን በተግባር እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ፦ ጥርሱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ጥርስ ከውጭ ጠንካራ ነጭ ሽፋን አለው። ከዚያ ሽፋን በታች ለስለስ ያለ ሌላ ንብርብር አለ። መሃል ላይ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ አካል አለ፣ በተለምዶ “የጥርስ ነርቭ” የምንለው። ይህ አካል ደም የሚያገኘው በሥሩ ጫፍ ላይ ባለች በጣም ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ጥርስ ሲበላ፣ ሲሰነጠቅ፣ ወይም የድሮ ሙሌት ጠርዙ ሲላቀቅ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ነርቩ ይቆጣል። ቀዝቃዛ ያማል፣ ትኩስ ያማል፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛል። ከዚያ ነርቩ ይሞታል፣ ሕመሙም ጸጥ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። “ተወኝ፣ ተሻለኝ” ይላል። የተሻለው ነገር ግን የለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ስለሞተ ነው ዝም ያለው። ባክቴሪያው ደም በማይደርስበት ባዶ ቦይ ውስጥ ይራባል፣ በሥሩ ጫፍ በኩልም ወደ ውጭ ይሾልካል። ሰውነት እዚያ ጋ ይከላከላል፣ በዚህ ትግል መሃል በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ይሟሟል። በራጅ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ይህ የጠፋ አጥንት ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሊቆይ ይችላል።

ከድድ በሽታ ጋር አታምታቱት። የድድ በሽታ ከላይ ከድዱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሥር ኢንፌክሽን ደግሞ ከጥርሱ ውስጥ ተነስቶ በሥሩ ጫፍ ይወጣል። ሁለቱም ከስኳር ጋር ይገናኛሉ። ሃራልድ ሎ የተባለው የጥርስ ተመራማሪ የድድ በሽታን “ስድስተኛው የስኳር በሽታ መዘዝ” ብሎ የጻፈው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ስለ ድዱ ብዙ ተወርቷል። የሥሩ ጉዳይ ግን እምብዛም አይነሳም። አፉን ከፍቶ የሚያይ ሰው ድድ ሲደማ ያያል፣ የሥር ጫፍ ግን ያለ ራጅ አይታይም።

ስኳሩ ጥርሱን፣ ጥርሱ ስኳሩን

መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይዳከማሉ፤ ወደ ቁስሉ ለመድረስም ባክቴሪያውን ለመዋጥም ያቅታቸዋል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። አጥንት የሚሠሩት ሴሎችም ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ ትንሽ ሆኖ የሚቀር ቁስል ስኳር ያለበት ሰው ላይ ሊሰፋ ይችላል፣ ከታከመ በኋላም ለመዳን ጊዜ ይፈጃል። የአፍ መድረቅም አለ። ስኳር ሲወጣ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ሲቀንስ ደግሞ ጥርስን ከመበላት የሚጠብቀው ነገር ቀነሰ ማለት ነው።

በተቃራኒው ኢንፌክሽን ሲኖር ሰውነት ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይለቃል። ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም ይገፋል። ከቁስሉ የሚወጡት እንደ ቲኤንኤፍ አልፋ እና ኢንተርሉኪን 6 ያሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች ሴሎቹ ኢንሱሊንን እንዳይሰሙ ያደርጋሉ። ኢንሱሊኑ በር ያንኳኳል፣ ሴሎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ከፍ ያለው ስኳር መልሶ ቁስሉን ይመግበዋል።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ በወር አንድ ጊዜ አፋችሁን በመስታወት ፈትሹ

አሥር ደቂቃ ይበቃል። መስታወት፣ የስልክ መብራት እና የታጠበ እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከንፈራችሁን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ጉንጫችሁንም ወደ ጎን ስቡ። ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ከጥርሱ በታች ያለውን ድድ፣ የሥሩን አካባቢ እዩ።

ከሁሉም በላይ የምትፈልጉት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ ድድ ላይ የወጣች፣ የክብሪት ራስ የምታክል፣ ቀላ ያለች ወይም ጫፏ ነጣ ያለ ብጉር የምትመስል እብጠት። ብዙ ጊዜ አታምም። በጣት ቀስ ብላችሁ ስትጫኗት ጠብታ መግል ልትወጣ ትችላለች፣ አፋችሁ ውስጥም ጨው ጨው ወይም መረር የሚል ጣዕም ይሰማችኋል። ትፈነዳለች፣ ትጠፋለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ትመለሳለች። ይህቺ የድድ ብጉር አይደለችም። ሥሩ ጫፍ ላይ የተጠራቀመው መግል አጥንቱን በስቶ ያወጣው የፍሳሽ መውጫ ናት። የማታመውም መግሉ መውጫ ስላገኘ ነው። እኔም ጉንጬን ስቤ አይቼ ቢሆን ኖሮ ወራት ቀደም ብዬ አገኛት ነበር። ስጠየቅ ነው ትዝ ያለኝ፣ ጠዋት ጠዋት መረር የሚለኝ ነገር ነበረ። መድኃኒቱ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

አትፈንቅሏት፣ በመርፌም አትውጓት።

ቀጥሎ ቀለም እዩ። ከጎረቤቶቹ ይልቅ የጠቆረ ወይም ግራጫ የሆነ ጥርስ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ድሮ ወድቃችሁ የተመታ የፊት ጥርስ ከሆነ። ከዚያ በማንኪያ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ስሜት ከሰጠ፣ ሕመም ባይሆን እንኳ “ይሄኛው ይለያል” ካላችሁ፣ ጻፉት። ስትነክሱ ከፍ ብሎ የቆመ የሚመስል ጥርስም እንደዚሁ። በመጨረሻ ከመንጋጋችሁ በታች በሁለቱም በኩል በጣታችሁ ዳስሱ፤ በአንድ በኩል ብቻ ያበጠ ንፍፊት ካለ እሱንም ያዙት።

ትልቅ ሙሌት ያለበት ጥርስ፣ ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ) የተደረገለት ጥርስ፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ቦይን ጠርጎ መሙላት)፣ አንዴ አሟችሁ በራሱ የተወው ጥርስ፣ እነዚህን ለይታችሁ ዕወቋቸው። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የስኳር መዝገባችሁ ላይ የጥርስ ዓምድ ጨምሩ

አብዛኞቻችሁ የስኳር ቁጥር ትመዘግባላችሁ። አጠገቡ አንድ ዓምድ ጨምሩና አፋችሁ ውስጥ ያለውን ጻፉ። “ማክሰኞ፣ ጾም 168፣ የታች ቀኝ ሲነከስ ይሰማል” ይበቃል። ረጅም መጻፍ አያስፈልግም።

አንድ ቀን 180 ስላያችሁ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ያለምክንያት የዘለቀ ለውጥ ነው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍ፣ ጉንፋን፣ እነዚህ ሁሉ ሳይለወጡ ስኳሩ ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከተለመደው ከፍ ብሎ ከቆየ የተደበቀ ኢንፌክሽን መፈለግ ተገቢ ነው። ሽንት፣ እግር፣ ቆዳ ይታያሉ። አፍም ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤ1ሲ የምንለውን፣ አብራችሁ ያዙት፤ እሱ ያለፉትን ከሁለት እስከ ሦስት ወራት አማካይ ስለሚያሳይ ለውጡ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለመገመት ይረዳል።

መለኪያችሁ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ በ18 አባዙት፣ እዚህ የምጠቀመውን ሚሊግራም በዴሲሊትር ታገኛላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነው ወይስ አሁኑኑ የሚኬድ?

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ።

እብጠቱ ወደ ዓይን አካባቢ ወይም ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከሄደ፣ ምላስ ከፍ ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷችሁ ከተዝረከረከ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ የጥርስ ቀጠሮ አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ ኢንፌክሽን በምላስ ሥር ተስፋፍቶ የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይህ በፍጥነት ሊባባስ ይችላል። የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ኪቶአሲዶሲስ ነው፣ ኢንሱሊን ሲያንስ ኪቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ማለት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት እስትንፋስ፣ መደናገር ካለ ያው ድንገተኛ ነው። ኢንፌክሽን የዚህ ችግር ዋነኛ ቀስቃሽ ነው። ዓይነት 1 ያለባችሁ ስትታመሙ ኪቶን ለኩ። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ብዙም ሳይወጣ ኪቶአሲዶሲስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁጥሩ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ጥርሴን አሞኝ አልበላሁም ብሎ የመሠረት ኢንሱሊንን፣ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን፣ ማቆም ሌላው ትልቅ ስሕተት ነው። በተለይ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ምንም ባይበላ እንኳ ረጅሙን ኢንሱሊን ፈጽሞ ማቆም የለበትም። መጠኑን ለማስተካከል ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ያለው ድድ ላይ ያለች ብጉር ወይም ሲነከስ የሚሰማ ነገር ከሆነ ደግሞ በቀናት ውስጥ ታዩ። ዛሬ ነገ አትበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ደረጃ 4፦ ቀጠሮ ስትይዙ የምትሉትና የምትይዙት

ስልኩን ስታነሱ ከሕመሙ በፊት “ስኳር አለብኝ” በሉ። ከዚያ የጠዋት ቀጠሮ ጠይቁ። ቁርስ ተበልቶ፣ መድኃኒት ተወስዶ ወዲያው የሚገባበት ሰዓት ይሻላል፣ በምሳ ሰዓት ላይ የሚያርፍ ቀጠሮ የምግቡንና የመድኃኒቱን ሰዓት ያዛባል።

የመድኃኒቶቻችሁን ስም ከነመጠናቸው ጻፉ፣ ወይም ማሸጊያዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። የደም ማቅጠኛ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ካለ ይግባ። የመጨረሻውን ኤ1ሲ ውጤትና ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የስኳር መዝገብ ያዙ። ድሮ የተነሳችሁት የጥርስ ራጅ ካለ በጣም ይጠቅማል፤ ጥላው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ እያደገ ይሁን እየቀነሰ የሚታወቀው በማነጻጸር ነው።

ለስኳር ሐኪማችሁም ንገሩ። እኔ ጋ የጎደለው ይህ ነበር። አንዱ መድኃኒት ይጨምራል፣ ሌላው ጥርስ ይሞላል፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። አገናኙ እናንተ ሁኑ። “የጥርስ ሥር ኢንፌክሽን ተገኝቶብኛል፣ በዚህ ቀን እታከማለሁ፣ መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?” የምትል አንድ አጭር መልእክት ትበቃለች።

ደረጃ 5፦ የሕክምናው ቀን

በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ የሚደረግ ሕክምና ካልሆነ በቀር አትጹሙ። እንደወትሮው ብሉ፣ መድኃኒታችሁን እንደወትሮው ውሰዱ። ጥርስ ይነካልኛል ብሎ ቁርስ መዝለልና የስኳር መድኃኒቱን ግን መዋጥ ወንበሩ ላይ ስኳር እንዲወርድ የሚያደርግ ዋነኛ ምክንያት ነው።

መለኪያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሥራው አይጀመር። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱ፣ ለምሳሌ የግሉኮስ እንክብል ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ፣ ካልተስተካከለ ድገሙት። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሐኪሙ አስቸኳይ ያልሆነውን ሥራ ሊያዘገየው ይችላል። መግል የያዘ አጣዳፊ ኢንፌክሽን ግን “መጀመሪያ ስኳርህ ይስተካከል” ተብሎ ለሳምንታት የሚቆይ ነገር አይደለም። ስኳሩ የማይስተካከለው ኢንፌክሽኑ ስላለ ሊሆን ይችላልና ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው አብረው ይያዙት።

ማደንዘዣው ከንፈርና ምላስን ለሁለት ሦስት ሰዓት ሊያደነዝዝ ይችላል። በዚያ ሰዓት ማኘክ አይቻልም፣ ጉንጭ ይነከሳል። ስለዚህ የምግብ ሰዓት ፈጣን ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ መብላት እንደምትችሉ ሳታረጋግጡ አትውጉ። በማደንዘዣው ውስጥ የሚጨመረው ትንሽ አድሬናሊን ስኳር ይጨምራል ብለው የሚፈሩ አሉ። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ችግር አይፈጥርም፤ በደንብ ሳይደነዝዝ የሚመጣው ሕመምና ጭንቀት ራሱ ስኳርን ያወጣል።

ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልባችሁ በኃይል ከመታ እጃችሁን አንሱ። “ፍርሃት ነው” ብላችሁ አትቀመጡ። የስኳር መውረድና የፍርሃት ስሜት ይመሳሰላሉ፣ የሚለያቸው መለኪያው ነው።

ደረጃ 6፦ ወንበሩ ላይ

ሐኪሙ መጀመሪያ ጥርሱን በቀዝቃዛ ነገር ይነካል፤ ሕያው ነርቭ ይሰማዋል፣ የሞተ ዝም ይላል። በመሣሪያ እጀታ መታ መታ ያደርጋል። የሥሩን ጫፍ ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ራጅ ያነሳል። ድድ ላይ ብጉሯ ካለች ቀጭን ለስላሳ ዘንግ በቀዳዳዋ አስገብቶ ራጅ ሊያነሳ ይችላል፣ ዘንጉ እየተጠማዘዘ ሄዶ የትኛው ሥር ጋ እንደሚደርስ በምስሉ ላይ ይታያል። እኔ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ብጉሯ ያለችው አንደኛው ጥርስ ጋ፣ መነሻዋ ግን ከጎኑ ያለው ጥርስ ነበር።

ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው፦ ሩት ካናል ወይም ማስነቀል። ጥርሱ በቂ አካል ከቀረውና መልሶ መገንባት ከተቻለ ሩት ካናል ይደረጋል። ስኳር ስላለባችሁ ብቻ “ሩት ካናል አይሆንላችሁም” ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ስኳር መዳኑን ሊያዘገየው ይችላል፣ ሕክምናውን ግን አይከለክልም። ጥርሱ እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ ወይም ምንም ካልቀረው መንቀሉ ይሻላል፣ የተነቀለበት ቦታ እስኪድን ድረስ ግን ስኳሩን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሩት ካናል ሲሠራ ጥርሱ ላይ ቀጭን የጎማ ሽፋን ይደረጋል፣ ምራቅ ከነባክቴሪያው ተመልሶ እንዳይገባ። ካልተደረገ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ቦዩ በቀጫጭን መሣሪያዎች ይጠረጋል፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሚባል ፈሳሽ ደጋግሞ ይታጠባል። መግል ካለ ሐኪሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት ውስጥ አስቀምጦ ለሌላ ቀን ሊቀጥር ይችላል። መጨረሻ ላይ ቦዩ ጉታ ፐርቻ በሚባል ነገር ተሞልቶ ይደፈናል። ሁለተኛውን ቀጠሮ እንዳትቀሩ አደራ። ሕመሙ ከቆመ በኋላ ሰው ይዘናጋል፣ ጊዜያዊው መሸፈኛ ሲላቀቅ ባክቴሪያው ተመልሶ ይገባል።

ደረጃ 7፦ መድኃኒት

አንቲባዮቲክ ብቻውን የጥርስ ሥር ኢንፌክሽን አያድንም። መድኃኒቱ የሚሄደው በደም ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። እብጠቱን ያበርደዋል፣ ትተኛላችሁ፣ መነሻው ግን እዚያው አለ። ከፋርማሲ እየገዙ በየወሩ አንድ ዙር መዋጥ ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው። አንቲባዮቲክ ቦታ የሚኖረው ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ሲስፋፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ነው፣ ያኔም ከመግሉ ማስወጣት ጋር አብሮ። ስኳራችሁ ከቁጥጥር ውጪ ከሆነ ሐኪሙ ለማዘዝ ሊያዘነብል ስለሚችል ቁጥራችሁን በእውነት ንገሩት።

አንዳንድ መድኃኒቶች ከስኳር መድኃኒት ጋር አይስማሙም። ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊፒዛይድ ወይም የእነሱን ወገን የምትወስዱ ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝላችሁ ተናገሩ፣ ስኳር በኃይል ሊወርድ ይችላል። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጡት ፍሉኮናዞል እና ሚኮናዞል ጄልም እንዲሁ። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት ደግሞ ስኳርን ወደ ታችም ወደ ላይም ሊያዛቡ ይችላሉ። ለእብጠት ዴክሳሜታሶን ከተሰጣችሁ ስኳር ለቀናት ሊወጣ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ለኩ።

ለሕመም ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው የተሻለ መጀመሪያ ነው፣ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ የጉበት ችግር ያለበት ከዚያም ባነሰ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፣ የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ደግሞ ሳይታወቅ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ የሚባለውን ነገር እርሱት። ድዱን ያቃጥለዋል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም።

ደረጃ 8፦ ከታከማችሁ በኋላ ያሉት ቀናት

ለሁለት ሦስት ቀን ሲነከስ መጠነኛ ሕመም ይኖራል። እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው። ከቀነሰ በኋላ መልሶ ከጨመረ ወይም አዲስ እብጠት ከመጣ ደውሉ።

ስኳሩን ለአንድ ሁለት ሳምንት ከወትሮው በላይ ለኩ። ለዚህ ምክንያት አለኝ። በኢንፌክሽኑ ጊዜ መድኃኒታችሁ ወይም ኢንሱሊናችሁ ተጨምሮ ከነበረ፣ ኢንፌክሽኑ ሲበርድ የኢንሱሊን ፍላጎታችሁ ሊቀንስ ይችላል። ያው መጠን ያኔ ይበዛል፣ ስኳር ይወርዳል። እኔ በስድስተኛው ቀን ሌሊት ላብ አጥምቆኝ ነቃሁ፣ ስለካ 62 ነበር። በማግስቱ ሐኪሜ ጋ ደውዬ መጠኑ ተስተካከለ። ጥርስ ታከመ ማለት ግን ስኳር ዳነ ማለት አይደለም። መድኃኒት በራሳችሁ አትቀንሱ።

በዚህ ጊዜ የምትበሉት ለስላሳ ይሁን፣ ግን ለስላሳ ማለት ጣፋጭ ማለት አይደለም። አይስክሬምና ጭማቂ ላይ መውደቅ ቀላል ነው። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ባታጨሱ፣ ከተቻለም እስከመጨረሻው ብትተዉት፣ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ዘላቂውን ሙሌት ወይም ክራውን አታዘግዩ። ሩት ካናል የተደረገለት የኋላ ጥርስ ሳይሸፈን ከቆየ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ካፈሰሰም ከታች የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ደረጃ 9፦ ክትትል

በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ መቦረሽ፣ በጥርሶች መሃል በክር ማጽዳት፣ ይህን ታውቁታላችሁ። ብዙም የማይነገረው የሌሊቱ ስኳር ነው። ስኳር ወርዶ ሌሊት ጣፋጭ የሚወስድ ሰው እንደገና ይተኛል፣ ጣፋጩ ጥርሱ ላይ ያድራል፣ ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ከተሻላችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥሙጡ። አልጋ አጠገብ ግሉኮስ ስታስቀምጡ ውሃም አብራችሁ አስቀምጡ። ሌሊት እየወረደ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ መታየት አለበት።

አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ስለዚህ መዳኑ በሕመም መጥፋት ሳይሆን በራጅ ይታያል። ቢያንስ በዓመቱ አንድ ራጅ ተነሱ፣ ብዙዎች በስድስተኛው ወርም ያነሳሉ። ጥላው ከቀነሰ ግን ካልጠፋ ክትትሉ እስከ አራት ዓመት ሊቀጥል ይችላል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ መዘግየቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ተስፋ አያስቆርጣችሁ። ካደገ ወይም ብጉሯ ከተመለሰች ሩት ካናሉ እንደገና ይሠራል፣ ወይም የሥሩ ጫፍ በቀዶ ሕክምና ይጸዳል።

የእኔን በዓመቱ አነሳሁት። ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ስክሪን ላይ አስቀመጣቸው። የአተር ፍሬ የምታክለው ጥቁር ነገር ቀጭን መስመር ሆናለች፣ ዙሪያዋ ነጭ ነጭ አጥንት ገብቷል። የሁለቱንም ቅጂ ስልኬ ላይ ወስጄ የስኳር ሐኪሜ ፋይል ውስጥ እንዲገባ ላክሁለት።